ብርድ የመታው ኮምፒውተር

ስለ ኮምፒውተር ጥገና የተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ የማይዘለው አንድ ምክር አለ፦ የጠረጠርከውን ዕቃ ንቀልና ደህንነቱን በምታውቀው ሌላ ዕቃ ተክተህ ሞክር። ምክሩ ትክክል ነው። ግን በ1990ዎቹ ማብቂያ አዲሱ ገበያ አካባቢ፣ ኮምፒውተሩ አልነሣ ያለው ልጅ ይህን ሲያነብ ከመሳቅ በቀር ምን ያደርጋል? ማዘርቦርዱ አንድ፣ ራሙ አንድ፣ ፓወር ሰፕላዩ አንድ። «ሌላ» የሚባለው ያለው ጎረቤት ቤት፣ የሌላ ልጅ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነው። እሱን ለማስወጣት ደግሞ ካቻቪቴ ብቻ አይበቃም፤ ምላስም ያስፈልጋል።

የእኔው ኮምፒውተር የተሠራው በእናቴ ዕቁብ ነው። በ1996 ዓ.ም. ዕጣው ሲወጣላት ብሩ የታሰበው ለጣሪያ ቆርቆሮ ነበር። «ጣሪያው አንድ ክረምት ይታገሠናል» አለችና ሰጠችኝ። ያኔ ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ኮምፒውተር ነበር፤ ከፋብሪካ ስሙን ተሸክሞ፣ ታሽጎ የሚመጣው «ብራንድ»፣ ዕቃው ከየሱቁ ተለቅሞ የሚገጣጠመው ደግሞ «ክሎን»። ብራንድ የመሥሪያ ቤትና የባለገንዘብ ነው። ክሎን የእኛ። ማዘርቦርዱን ከአንድ ሱቅ፣ ኬዙን ከሌላው፣ ሞኒተሩን አገር ለቆ ከሚሄድ ሰው ገዛሁ። ሴሌሮን ፕሮሰሰር፣ 128 ሜጋባይት ራም፣ 40 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ። ዛሬ ይህን ቁጥር ለልጆች ስነግራቸው ኪሳቸው ያለውን ስልክ አስበው ይሥቃሉ። እኛ ግን ይህን 40 ጊጋ በምን እንሞላዋለን ብለን ከልባችን ተጨንቀናል።

መገጣጠሙ ራሱ ከሚፈራው በታች ነበር። ፕሮሰሰሩ በትክክለኛው ማዕዘን ከያዙት ያለ ምንም ግፊት ሶኬቱ ውስጥ ይወድቃል፤ መጫን ካስፈለገ አያያዙ ተሳስቷል ማለት ነው። የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማቀዝቀዣ ነው። የሴሌሮኑ ማቀዝቀዣ በሁለት የፕላስቲክ ማንሻዎች ነው የሚታሰረው፤ ማንሻዎቹን ስትዘጋቸው ማዘርቦርዱ ዓይንህ እያየ ይጎብጣል። የዕቁብ ብር ከፊት ለፊትህ ሲጎብጥ ማየት ሌላ ነገር ነው። ሆኖም ሠራ። ከሰው የተቀዳ ዊንዶውስ ጫንኩበት፣ የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝ ጨመርኩበት፣ ለሰፈሩ ማመልከቻና የሠርግ ጥሪ መጻፍ ጀመርኩ። ከዓመት በላይ እንዲህ ኖርን።

ቀጥሎ የሆነውን ለመረዳት ኮምፒውተር ሲነሣ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ግድ ነው። ማብሪያውን ስትጫነው መጀመሪያ የሚነቃው ፓወር ሰፕላዩ ነው። የራሱን ቮልቴጆች ይመረምርና ልክ ሲሆኑለት «ደህና ነኝ» የሚል ምልክት ለቦርዱ ይልካል። ያን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ይነሣና ባዮስ ከሚባለው ቺፕ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ያነባል። ባዮሱ ራሙን ይቆጥራል፣ ቪዲዮውን ይቀሰቅሳል፣ ኪቦርዱን ይዳስሳል፤ ሁሉም ካለ አንዲት አጭር «ጢጥ» ያሰማል። ዊንዶውስ ገና በአካባቢው የለም። ይህ ሁሉ የሚያልቀው አንድ ሰው ወንበር ስቦ እስኪቀመጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

የጎደለ ነገር ሲኖርም ባዮሱ ይናገራል። በእኔ ቦርድ ላይ የነበረው አዋርድ የሚባለው ነው፤ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ከጮኸ ነገሩ ከቪዲዮ ነው፣ ረጅሙን እየደጋገመ አላቋርጥ ካለ ከራሙ ነው። በየሰፈሩ ያለነው ልጆች ይህንን በቃላችን ይዘነው ነበር። በስልክ እንኳን «እስቲ አስጩኸውና አሰማኝ» እንባባል ነበር። የሚጮህ ኮምፒውተር ተስፋ አለው፤ ቢያንስ ፕሮሰሰሩና ባዮሱ በሕይወት አሉ። የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው።

የእኔው በ1998 ዓ.ም. በአንድ የኅዳር ጠዋት ዝም አለ። ፋኑ ይዞራል፣ የኬዙ አረንጓዴ መብራት በርቷል፣ ሞኒተሩ ግን ብርቱካን መብራቱን እያበራ ምንም አልደረሰኝም ይላል። ጢጥ የለም። አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው። ስፒናውን ነቅዬ ሰካሁት፤ ያው። ወደ 6 ሰዓት ገደማ ተስፋ ቆርጬ ለመጨረሻ ጊዜ ብጫነው ጢጥ ብሎ ተነሣ፤ ማታ ድረስም ያለ አንዳች እንከን ሠራ። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ዝም።

የሰፈሩ የመጀመሪያ ፍርድ «ቫይረስ ነው» የሚል ነበር። ያኔ የማይታወቅ ነገር ሁሉ ቫይረስ ይባል ነበር፤ ነገር ግን ቫይረስ ኮምፒውተርን ጨርሶ እንዳይነሣ ያደርጋል ማለት ባዶ ወሬ አልነበረም። ሚያዝያ 18 ቀን 1991 ዓ.ም. አንድ የታይዋን ተማሪ የጻፈው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ በተቀጠረለት ቀን ፈነዳ። ሲአይኤች ይባላል፤ ቀኑ ከቼርኖቤል አደጋ ቀን ጋር ስለገጠመ ቼርኖቤል የሚል ስም ወጣለት። ዊንዶውስ 95 እና 98 ያለባቸውን ኮምፒውተሮች ይዞ የሃርድ ዲስኩን መጀመሪያ በዜሮ ይሞላዋል፤ ቦርዱ ከፈቀደለት ደግሞ ባዮሱ ላይ እርባና ቢስ ነገር ይጽፍበታል። ባዮሱ የተበላሸ ኮምፒውተር የመጀመሪያዋን ትእዛዝ የሚያነብበት ቦታ የለውምና ዝም ነው።

የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ውስጥ ያስተምር የነበረ ጓደኛዬ እንዲህ የሞተን ቦርድ እንዴት እንደሚያስነሡ አሳይቶኛል። ከሞተው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ጤነኛ ቦርድ በፍሎፒ ዲስክ ያስነሡታል። ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ ባዮስ ቺፑን በቀስታ ከሶኬቱ ነቅለው ያወጡታል፤ ባዮሱ ራም ላይ ስለተገለበጠ ኮምፒውተሩ አይሞትም። በቦታው የተበላሸውን ቺፕ ይሰኩና ትክክለኛውን ባዮስ ከፍሎፒው ይጽፉበታል። ነቃይዋ ዕቃ ስለሌለች ቺፑ የሚወጣው በሁለት ቀጫጭን ካቻቪቴ ግራና ቀኝ ተፈልቅቆ ነው፤ አንዱ ካቻቪቴ ከተንሸራተተ ሁለት የሞቱ ቦርዶች ይኖሩሃል። ስመለከት ላብ እኔን ነበር ያጠመቀኝ። የእኔው በሽታ ግን ይህ አልነበረም። ባዮሱን የበላ ቫይረስ ምሳ ሰዓት ላይ ምሕረት አያደርግም።

ሁለተኛው ፍርድ መብራት ነው። ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ሲመጣ ደግሞ አንዳንዴ ጉልበቱን ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ መጠርጠር ሁልጊዜም ያስኬዳል። በሰፈራችን ከዋሽንግተን ዘመድ የላከው ኮምፒውተር የደረሰው አንድ ቤት ነበር። ከኋላው ያለችውን ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ ማንም አላያትም፤ 115 ላይ ነበረች። የእኛ ግድግዳ 220 ነው። ድምፁ እስከ አስፋልቱ ተሰማ፤ ሽታው ሳሎን ውስጥ ሳምንት ሰነበተ። ያ ሽታ፣ ዓሣ ዓሣ የሚልና ጉሮሮ የሚይዝ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ስለቀረ መጀመሪያ ያደረግሁት ኬዙን ከፍቼ ማሽተት ነው። ምንም አይሸትም።

ከዚያ በእጄ ያለውን መሞከር ጀመርኩ። ፓወር ሰፕላዩን ከቦርዱ ነቅዬ፣ ከትልቁ ሶኬት ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በወረቀት ማያያዣ ሽቦ አገናኘሁት፤ ቦርድ ሳይኖርም የሚነሣው እንዲህ ነው። ፋኑ ዞረ። በቴስተር ለካሁ፤ ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካኑ 3.3 ቮልት፣ ሁሉም በቦታቸው ናቸው። የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በላጲስ ጠርጌ መለስኩ። ይህ የላጲስ ነገር ለማያውቅ ቀልድ ይመስላል፤ ከተማው ውስጥ ካዳናቸው ኮምፒውተሮች ብዛት የተነሣ ግን ላጲስ የሌለው ቴክኒሻን አልነበረም ማለት እችላለሁ። የባዮሱን ክብ ባትሪ ለካሁ፤ 3 ቮልቱን አላጎደለም። ጃምፐሯን ወደ ጎን ወስጄ ባዮሱን ወደ ፋብሪካ ሥሪቱ መለስኩት። በመጨረሻ ሁሉንም አወጣሁና ቦርዱን በራሱ ካርቶን ላይ አጋደምኩት፤ ከስሩ ያለ ብሎን ወይም የኬዙ ብረት እየነካው እንዳይሆን። ሃርድ ዲስክ የለ፣ ሲዲ የለ፣ ኪቦርድ የለ። ፕሮሰሰር፣ ራም፣ የምትጮኸው ትንሽ ስፒከር፣ በቃ።

እዚህ ላይ እስከ ዛሬ የምወደው አንድ ሙከራ አለ። ራሙንም ታወጣዋለህ። ጤነኛ ቦርድ ያለ ራም ሲነሣ መጮህ አለበት፤ ረጅሙን ጩኸት እየደጋገመ ራም አምጡልኝ ይላል። ከጮኸ ፕሮሰሰሩም ባዮሱም ደህና ናቸው። ዝም ካለ በሽታው ከራሙ በላይ ነው። ጠዋት ሞከርኩት፤ ዝም። ከሰዓት ሞከርኩት፤ ቤቱን እስኪያናውጠው ጮኸ። አንድ ቦርድ፣ አንድ ሙከራ፣ ሁለት መልስ። መጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ምዕራፍ አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው ልዋስ የወጣሁት። በእኛ ሰፈር ራም እንደ ወንፊት ይዋሱት ነበር፤ ልዩነቱ ወንፊት የተበደረ ሰው ዱቄት ቢበላሽበት ወንፊቱን አብሮ አይገድለውም። የታመመ ቦርድ ግን የተዋሰውን ራም ሊያቃጥል ይችላል፤ የታመመ ፓወር ሰፕላይ የሰውን ጤነኛ ቦርድ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አበዳሪ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሽቷል ወይ?» ብሎ ነበር። በታችኛው ቤት የሚኖረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሙን ለማዋስ የተስማማው የለካኋቸውን ቮልቴጆች በወረቀት ጽፌ ካሳየሁት በኋላ ነው፤ ያውም ራሱ ይዞት መጥቶ፣ ራሱ ሰክቶ፣ ራሱ ነቅሎ ሊሄድ። ከቤት ሲወጣ እናቱ አየችውና «የኮምፒውተሩን ሆድ ዕቃ ይዘህ ወዴት ነው?» አለችው። «እማዬ፣ ላሳክመው ነው» ብሎ ሸሸ።

10 ሰዓት ላይ ሰካው። ጢጥ! ሁለታችንም ጮኽን። ራሙ ነው በቃ፣ ተገኘ። ለማረጋገጥ የኔን መልሶ ሰካው፤ አሁንም ጢጥ። ተያየን። በማግስቱ ጠዋት በሁለቱም ራም ዝም። ትክክለኛ ዕቃ ይዞ በተሳሳተ ሰዓት መሞከርን የመሰለ ልብ የሚያደርቅ ነገር የለም፤ በየሙከራው መልሱ ይለዋወጣል፣ አንተም የተለዋወጠው በዕቃው ምክንያት ይመስልሃል። ልጁ ራሙን በደረት ኪሱ ከትቶ እየጠረጠረኝ ሄደ።

ነገሩን ያየችው እናቴ ናት። ሳሎኑን ስትጠርግ፣ ቡና ስታፈላ፣ ስትገባና ስትወጣ ሳምንቱን ሙሉ ስትታዘበኝ ኖራለች። አንድ ጠዋት ነጠላዋን እየተከናነበች «ይሄ ነገር ጠዋት ጠዋት ነው የሚያምፅ፤ ፀሐይ ሲገባ ይተወዋል። ብርድ መትቶት ይሆናል» አለችኝ። የኅዳር ውርጭ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ይልና ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ኮምፒውተሩ ያለው ደግሞ የማለዳ ፀሐይ በማይደርስበት በኩል ነው። እኔ ሣቅሁ፤ ጓደኞቼም ሲሰሙ ሣቁ። በእናቴ ዘንድ ወገብ የሚያመው ብርድ ነው፣ ጥርስ የሚቆረጥመው ብርድ ነው፣ ሆድ የሚነፋው ብርድ ነው። አሁን ደግሞ ሴሌሮን።

ወደ አስፋልቱ መውጫ ላይ የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ሰውዬ ነበሩ፤ ልጆች ሁላችን ጋሼ ሬዲዮ ነው የምንላቸው። በቀድሞው ጦር መገናኛ ክፍል ያገለገሉ፣ ከዚያ ወዲህ በዚያች ኪዮስክ የኖሩ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ወደ እሳቸው የሄድኩት የተሻለ ቴስተር ልዋስ እንጂ ምክር ልጠይቅ አልነበረም። እሳቸው ግን ቴስተሩን ከማውጣታቸው በፊት መጠየቅ ጀመሩ።

«ይሸታል?»

«አይሸትም፣ ጋሼ።»

«የሚግል ቦታ አለው?»

«የለውም።»

«መቼ ነው እንቢ የሚለው?»

«ጠዋት ጠዋት።» እያፈርኩ ጨመርኩ። «እናቴማ ብርድ መትቶት ነው ትላለች።»

አልሣቁም። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና «እናትህ ልክ ሳትሆን አትቀርም። ኮንደንሰር ብርድ አይወድም። ነገ በጠዋት ይዘኸው ና፤ ሳይሞቀው» አሉኝ።

በማግስቱ 1 ሰዓት ላይ ቦርዱን በካርቶኑ፣ ፓወር ሰፕላዩን በፌስታል ይዤ ቆምኩ። ከሁሉ አስቀድመው ቦርዱን ወደ ብርሃኑ አጋድለው ከጎን ተመለከቱት፤ እኔ ሁልጊዜ ከላይ ነበር የማየው። በፕሮሰሰሩ አጠገብ ተሰልፈው የቆሙ ትንንሽ ሲሊንደሮች አሉ፤ ኮንደንሰር የሚባሉት እነሱ ናቸው፤ ከራሳቸው ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ስስ ጭረት አለ። የጤነኛው ራስ ጠፍጣፋ ነው። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ጥፍር አንድ በአንድ ዳበሷቸው። «ይሄ ሜዳ ነው። ይሄ ሜዳ ነው። ይሄ ኮረብታ ነው።» ያበጠው ላይ ቆሙ። ከአጠገቡ የነበረው ደግሞ ከጭረቱ ላይ ቡናማ ቅርፊት ሠርቶበታል። ከዓመት በላይ ስከፍትና ስዘጋው የነበረ ቦርድ ነው፤ ከጎን አጋድሎ ካላዩት እብጠቱ አይታይም።

ለማረጋገጥ ከአጠገባቸው ካለው የሴቶች ፀጉር ቤት የፀጉር ማድረቂያ አስመጡ። መጀመሪያ ቦርዱን ቀዝቃዛውን አስነሣነው፤ የማብሪያውን ሁለት እግሮች በካቻቪቴ ጫፍ ነካሁ፣ ፋኑ ዞረ፣ ዝም። አጠፋነው። ከዚያ ማድረቂያውን ራቅ አድርገው ያበጡትን ሲሊንደሮች ብቻ አሞቋቸው፤ ራሙንም ፕሮሰሰሩንም አይደለም። የፀጉር ቤቱ ልጆች በር ላይ ተሰብስበው ይሥቃሉ። አንዷ «ጋሼ፣ ካስክ ውስጥ ይግባ እንዴ?» አለች። እንደገና ነካሁት። ጢጥ።

ምክንያቱን በደንብ የተረዳሁት በኋላ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚፈልገው አንድ ቮልት ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ ግን በብዙ አምፔር። ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣው 12 ቮልት እዚያው ቦርዱ ላይ በፍጥነት እየተቆራረጠ ወደዚያ ይወርዳል፤ የተቆራረጠውን ለስላሳ የሚያደርጉት እነዚያ ሲሊንደሮች ናቸው። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ ሲጎድል ወይም ሲበላሽ ኮረንቲን የማሳለፍ አቅማቸው ይደክማል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ድካሙ ይብሳል። ኅዳር ጠዋት ላይ ለፕሮሰሰሩ የሚደርሰው የተረበሸ ኃይል ስለሆነ የመጀመሪያዋን ትእዛዝ እንኳን ማንበብ አይችልም። ቀን ሲሞቅ ፈሳሹ ይፍታታና እንደ ምንም ያልፋል። የእኔ ቴስተር ይህንን አላየም፤ የፓወር ሰፕላዩን ቮልት ለካ እንጂ ከዚያ ወዲያ ቦርዱ ላይ የሚሆነውን አልለካም።

በሽታው የእኔ ብቻ አልነበረም። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት የተሠሩ እጅግ ብዙ ማዘርቦርዶች በዓለም ዙሪያ እንዲህ አብጠው ሞተዋል። በዘመኑ የተነገረው ታሪክ የስለላ ልብ ወለድ ይመስላል፤ የፈሳሹ ቀመር ከጃፓን ተሰርቆ ሲወጣ ግማሹ ቀርቷል፣ ታይዋን ውስጥ የተመረተውም ጎደሎው ነው ተባለ። የስርቆቱን ወሬ ተወውና ኬሚስትሪው ግልጽ ነው፤ ውሃ የበዛበት ፈሳሽ መከላከያው ከጎደለው አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ ሃይድሮጂን ይፈጠራል፣ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ክዳኑን ያሳብጠዋል። በራሳቸው ላይ ያለው ጭረትም ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ከሚፈነዳ ይቀደድ ተብሎ። ስማቸው የገነነ የብራንድ ኮምፒውተሮችም ከዚህ አላመለጡም። ይህን ሳውቅ ክሎን በመግዛቴ የተሰማኝ ትንሽ እፍረት ለቀቀኝ።

ጥገናው ራሱ አንድ ሙሉ ቀን ወሰደ። ጋሼ በመጀመሪያ ከራሳቸው ሣጥን ተመሳሳይ ቁጥር የተጻፈባቸው ኮንደንሰሮች አወጡ፦ 1500 ማይክሮፋራድ። የቮልት ነገር ላይ ሕጋቸው አጭር ነበር፤ «ቢበልጥ ግድ የለም፣ ቢያንስ ግን አይሆንም»። ቀየሯቸው፤ ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ ዊንዶውስ ሲከፈት ደረቀ። እንደገና፤ ደረቀ። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ጠባዩ ግን አንድ አይደለም፤ ለሬዲዮና ለቴፕ የተሠራው የፕሮሰሰርን ጥድፊያ አይችልም። ጋሼ የዚህን ስም አያውቁትም፤ ውጤቱን ግን አንድ ጊዜ ዓይተው ገባቸው። «የመሰለውን ከመሰሉ ነው መንቀል» ብለው ምናለሽ ተራ ላኩኝ። እዚያ የሞቱ ቦርዶች ተከምረው በወርቅ ቅባቸውና በብረታቸው ይሸጡ ነበር። አንዱን መረጥኩ፤ ሲሊንደሮቹ ሁሉ ሜዳ የሆኑትን፤ ከጎን አጋድዬ።

ማዘርቦርድ መበየድ ሬዲዮ መበየድ አይደለም። የመዳብ ንጣፉ በሰሌዳው ውስጥ በበርካታ ደርብ የተነጠፈ ስለሆነ የመበየጃውን ሙቀት እየጠጣ አያቀልጥልህም። ጋሼ አንዱን መበየጃ በላይ እግር፣ ሌላውን በታች እግር አስደግፈው እኔ በፒንሳ ቀስ አድርጌ እያወዛወዝኩ ሳብኩ። ቀዳዳው በቀለጠ ብየዳ ይደፈናል፤ እንደገና ያሞቁትና በስቴኪኒ ይወጉታል፤ እንጨት ስለሆነ ብየዳው አይይዘውም። ከዚያ አዲሱን ሲተክሉ ነጭ መስመር ያለበትን ጎን ሰሌዳው ላይ ከተቀባው ግማሽ ክብ ጋር አገጣጠሙ፤ ተገልብጦ ከገባ እንደ ርችት ነው የሚተኮሰው። እያንዳንዱን ሲጨርሱ ሦስት ጊዜ እያዩ «አሁንም አልተገለበጠም» ይሉኛል፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብቻዬን አስነሣሁት ማለት እወድ ነበር፤ ግን ጋሼ ሬዲዮም፣ የታችኛው ቤት ልጅም፣ ከፀጉር ቤቱ ሁለቱ ልጆችም ሳሎናችን ውስጥ ነበሩ። እናቴ ቡና አቅርባለች። ጢጥ ሲል ማንም አልጨበጨበም፤ ሁሉም ወደ እሷ ዞረው ዝም አሉ። ሲኒውን እየቀዳች «ነግሬዋለሁኮ» አለች። ጋሼን ስንት ልክፈል ብላቸው የሞባይላቸውን የስልክ ቁጥሮች ዝርዝር በትልልቅ ፊደል ጽፌ እንድሰጣቸው ብቻ ጠየቁኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ነው። በሰፈራችን ከዚያው ሱቅ ያንኑ ቦርድ የገዙ ሌሎች ልጆች ነበሩና እስከ ጥር መጨረሻ አንዱ ከአንዱ እየተከተለ ዝም አለ። ወደ እኛ ቤት ይመጣሉ፤ እኔን ከማግኘታቸው በፊት ግን በሩ ላይ እናቴ ታገኛቸዋለች። «ጠዋት ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ?» ትላለች። ጠዋት ነው ያለውን ወደ ጋሼ ትልካለች። ቀኑን ሙሉ ነው ያለውን ወደ እኔ። አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ከነሞኒተሩ አስጭኖ መጣ፤ አይነሣም፣ ፋኑም አይዞር፣ መብራቱም አይበራ፣ ጠዋትም ማታም ያው። እናቴ ስትሰማው ቆየችና «ይሄንንስ ብርድ አልነካውም፤ ስፒናህን ሌላ ሶኬት ላይ ሰክተህ አይተኸዋል?» አለችው። ሰውየው ያስጫነበትን የታክሲ ሒሳብ በልቡ እያሰበ ይመስለኛል፣ አላየሁም አላት።